1,612 ሐሙሶች

«አባባ፣ ጥርስዎ ተገኘ?»

ይህን የጠየቀኝ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ጥበቃ ነው። ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ፣ እናቱም ሞግዚቱም የሰርቪስ ረዳቱም በሩን ሞልቶ በቆመበት፣ ድምፁን እንኳ ዝቅ ሳያደርግ። ሰው ሠራሽ ጥርሴ ማክሰኞ ማታ ከብርጭቆው ጠፍቶ፣ ረቡዕ ጠዋት በረንዳው ላይ ልጅቱ ባቄላ ከምታበቅልበት እርጥብ ጥጥ ሥር መገኘቱን የምናውቀው እኔ፣ ልጄና ያቺ ጉደኛ ብቻ ነን ብዬ ነበር። ለካ ሦስተኛ ክፍል በሙሉ ያውቃል። ሦስተኛ ክፍል ካወቀ ደግሞ ከገርጂ እስከ ጎሮ የማያውቅ የለም።

የቤታችን ገመና የሚወጣበትን ቀዳዳ ላስረዳችሁ። ዘወትር ዓርብ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ «የሳምንቱ ዜና» የሚሉት ነገር አላቸው። እያንዳንዱ ልጅ በሳምንቱ ካየው ከሰማው አንዱን ጽፎ፣ ተነሥቶ ያነባል። ማን? ምን? የት? መቼ? ከአምስት ይታረማል። ደኅና ዜና ያመጣ ልጅ ጽሑፉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍለታል። የኔዋ «አያቴ ጥርሱ ጠፋበት» ብላ ጀምራ፣ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን ሳታጓድል ዘግባ፣ አምስት ከአምስት አግኝታ ለጠፈችኝ። ቀደም ባሉት ሳምንታት እናቷ ዶሮ ወጥ ማሳረሯና አባቷ የኮንዶሚኒየሙን የጥበቃ መዋጮ ሦስት ወር አለመክፈሉ ተነቧል።

ያንገበገበኝ ጥርሱ እንኳ አይደለም። «ጠፋበት» ማለቷ ነው። ቤት ውስጥ «አንተ» ትበለኝ፣ ፍቅር ነው ብዬ ዋጥኩት። በአደባባይ፣ በጽሑፍ፣ ያውም ግድግዳ ላይ ግን «ጠፋባቸው» ማለት ምን ያስወጣል? መምህርቷስ አምስቱን ስትሰጥ ዐይኗ የት ነበር?

እኔ ጡረታ እስክወጣ 31 ዓመት ጋዜጣ ያረምኩ ሰው ነኝ። ፊደል ከእርሳስ ተሠርቶ በእጅ ሲለቀም ጀምሬ ኮምፒዩተር ገብቶ ስሕተቱ እስኪፈጥን ድረስ ሠርቻለሁ። ዐይኔን የጨረስኩት በሌላ ሰው ፊደል ነው። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ልጄ «ብቻህን አትሆንም» ብላ ወደዚህ ወደ ምሥራቁ አመጣችኝ። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። እኔ ሳውቀው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወዲህ ያለው አገር ጤፍና ሽንብራ ነበር፤ ሰው ወደዚህ የሚወጣው ዘመድ ሊጠይቅ ወይ በግ ሊገዛ ነው። አሁን ጤፉ ሄዶ ፎቅ በቅሏል፤ ጤፉንማ ባለ ሱቁ ዋጋውን ሲጠራ ብቻ ነው የምንሰማው። ልጄና ባሏ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወጥተው ማታ ስለሚመለሱ፣ ልጅቱን አድራሽ፣ መላሽ፣ ደብተር ፈራሚ እኔ ሆንኩ። ደመወዝ የለውም። ደረጃ ዕድገት ደግሞ በጭራሽ።

እንግዲህ ከቤት ወደ ትምህርት ቤት የሚሄደውን ዜና ሰማችሁ። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት የሚመጣውን ደግሞ ስሙ።

በኛ ጊዜ ትምህርት ቤት ወላጅ የሚፈልገው ልጅ ሲያጠፋ ብቻ ነበር። «ነገ ወላጅ ይዘህ ና» ከተባልክ እንቅልፍ የለም። ብልጥ የሆነው ሰፈር ውስጥ ደኅና ኮት ያለው ሰው ፈልጎ፣ ሲጋራ ገዝቶለት፣ «አጎቴ ነው» ብሎ ያቀርበዋል። ዛሬ ግን ትምህርት ቤቱ ወላጅን በቀን ሦስቴ ይፈልጋል፤ ልጁ ቢያጠፋም ባያጠፋም። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሁሉ ሲዘጋ የቤት ሥራው በቴሌግራም ይላክ ተባለ። በሽታው ሄደ፤ ቴሌግራሙ ቀረ። ይኸውና በ74 ዓመቴ የ«ሦስተኛ ለ» ወላጆች ግሩፕ አባል ነኝ። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ስልኬ ጢው ሲል ሰው ሞተ ብዬ በርግጌ እነሣለሁ። አንዲት እናት ናት፦ «ሒሳብ ገጽ ስንት ነበር የተባለው?»

እሑድ ማታ ደግሞ ዋናው ይመጣል፤ «ሳምንታዊ መልእክት»። ያው ራሱ በወረቀት ታትሞ ሰኞ ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ ይለጠፋል፤ ወላጅ አንብቦ ይፈርማል። ባለፈው የመጣውን እንዳለ ላስነብባችሁ፦

«ዉድ ወላጆች፣ ሀሙስ ከለር ዴይ ስለሆነ ልጆቻቹ ቢጫ ልብስ ለብሰዉ እንዲመጡ በጥብቅ እናሳስባለን። ክፍያ ያልፈፀማቹ እስከ ሀሙስ እንድትከፍሉ በጥብቅ እናሳስባለን።»

31 ዓመት ያረመ ሰው ይህን ከቁርስ በፊት ማንበብ የለበትም፤ ስኳሩ ይወጣል። ከላይ እንጀምር። «ዉድ» ብሎ ነገር የለም፤ ሳድሱ «ው» እያለ ካዕቡን «ዉ» ምን አስጠራው? ደግሞስ ውድ የሆነው ክፍያው እንጂ እኛማ ረክሰናል። «ልጆቻቹ»? «ችሁ» የምትባለዋን ምስኪን ማን ገደላት? አንድ «ች» እና አንድ «ሁ» ብትጻፍ ቀለም ያልቃል? «ያልፈፀማቹ» ላይ ደግሞ ሁለት ወንጀል በአንድ ቃል ተፈጽሟል፤ ፈጸመ በጸሎቱ ጸ ነው፣ በፀሐዩ አይደለም። «ሀሙስ» የሚለውን ለጊዜው ተዉት። እሱ ላይ እመለስበታለሁ። ወይኔ! ምነው ባልተመለስኩበት።

ከሁሉ የሚገርመው «በጥብቅ እናሳስባለን» ነው። ቢጫ ልብስም በጥብቅ፣ ክፍያም በጥብቅ፣ ምሳ ዕቃ ላይ ስም መጻፍም በጥብቅ። ማሳሰቢያው ሁሉ ከጠበቀ የሚላላው የቱ ነው? ለዚያች ለከለር ዴይ ስል መገናኛ ወርጄ፣ ለኮሪደር ልማት የተቆፈረውን ዘልዬ፣ ሾላ ድረስ ዞርኩ። ለካ የሰፈሩ አያት ሁሉ ቢጫ ፍለጋ ወጥቷል። ባዶ እጄን ተመልሼ ልጄ አንድ ዓመት ለብሳው የተራመደችበትን የታላቁ ሩጫ ቢጫ ካኔቴራ አገኘሁ። ልጅቱ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ወርዶላት ሄደች። ግሩፑ ላይ ፎቶዋ ተለቀቀ፤ ሰባት ልብ ተሰጣት።

በዚህ ሁሉ ውስጥ «ልጆቹ በዚህ ሳምንት ይህን ተማሩ» የምትል አንዲት መስመር የለችም። ፈልጌ ነው! በመነጽር ፈልጌ ነው።

ልጅቱን ራሷን ብትጠይቋትስ?

«ዛሬ ምን ተማርሽ፣ የኔ እመቤት?»

«ምንም።»

ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ተቀምጣ ምንም! ለምንም ይህን ያህል የሚከፈል ከሆነ እኔም ምንም ላስተምር እችላለሁ፤ ሰርቪስም አያስፈልገኝም። ቆይቶ ግን ያ ምንም በጎን በጎን መፍሰስ ይጀምራል። ባቄላዋ ለምን ጨለማም ውስጥ እንደምትበቅል፣ ግን ለምን እንደምትገረጣ ትነግረኛለች። አፋን ኦሮሞ ተምራ መጥታ ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልቴ፣ አባዬ?» ትለኛለች፤ «ነጋ» ብዬ እንድመልስ አስጠንታኛለች፤ ስሳሳት ታርመኛለች። የቤተሰቡ አመል ነው።

ቁጥር ላይ ስንደርስ ግን ልቤ ይደማል። ሱቅ ልኬያት፣ እኔ ከኋላዋ ቆሜ፣ ባለ ሱቁ «ሰማንያ አምስት ብር» አላት። ዞራ አየችኝ። «አባዬ፣ ሰማንያ አምስት ስንት ነው?» ምን ብዬ ልመልስ? ሰማንያ አምስት ሰማንያ አምስት ነዋ! ባለ ሱቁ አዝኖልኝ «ኤይቲ ፋይቭ» አላት፤ ቆጥራ ሰጠችው። ወይ ጉድ፤ የሰፈሬ ሱቅ ለልጅ ልጄ አስተርጓሚ ቆመላት። ፩ን ከ፪ የሚለይ ልጅ ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ካለ፣ ወይ ዲያቆን ነው ወይ የዲያቆን ወንድም።

ስለ ትምህርቱ አወቃቀርማ አታስጀምሩኝ። እኔ ስማር 6-2-4 ነበር፤ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት መለስተኛ፣ አራት ሁለተኛ። በ1986ቱ ፖሊሲ ይህ አይሆንም ተብሎ 8-2-2 ሆነ። ልጄ ሁለተኛ ደረጃ ስትደርስ ደግሞ ፕላዝማ የሚባል ቴሌቪዥን መምህር ሆኖ ተሾመ፤ ጠይቆ፣ ጥቂት ቆይቶ፣ ማንም ሳይመልስ «ጎበዝ» ብሎ የሚያልፍ መምህር። እንደሱ ያለ አለቃ ቢኖረኝ ሚኒስትር ሆኜ ጡረታ በወጣሁ ነበር። አሁን ደግሞ ተመክሮበት፣ ተጠንቶ፣ አዲስ ነው ተብሎ የመጣውን አየሁት፤ 6-2-4! ግብረ ገብም እንደዚሁ። በልጅነቴ የተማርኩት፣ አብዮቱ በፖለቲካ ትምህርት የተካው፣ ኋላ ሥነ ዜጋ የተባለው፣ ይኸው ግብረ ገብ ተብሎ ከመቃብር ተነሥቷል። ሁሉም ወደ ቦታው ተመልሷል፤ እኔን ብቻ ስድስተኛ ክፍል የመለሰኝ የለም።

ይህ ትምህርት ቤት የካቶሊክ ነው፤ ትንሽዬ ናት፣ መነኮሳይያት የሚያስተዳድሯት። ግቢዋ ከአንድ ኳስ ሜዳ አይበልጥም። ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን በላይዋ ሲያልፍ መምህርቷ ቃሏን አንጠልጥላ ትቆማለች፤ ከራቀ በኋላ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ልጄ እዚያ አስመዘገብኳት ስትለኝ «ምነው፣ የማርያም ልጅ አይደለሽም?» አልኳት። «እነሱም ማርያምን ይወዳሉ» አለች። መልስ አጣሁ። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኩ ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም፤ የምዝገባ ቀን በር ላይ ብርድ ልብስ ይዞ የሚያድረውን ሰው ያየ ግን ግማሹ አገር ካቶሊክ ይመስለዋል። ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ጴንጤው ሁሉ ተሰልፎ «ዲሲፕሊን አላቸው» ይላል። እኛም ልጆች ሳለን ልደታ ካቴድራልና ናዝሬት የሚማሩ ልጆች በካልሲያቸው ይታወቁ ነበር፤ ወደ ታች አይወርድም። የኛ ካልሲ የት እንዳለ አይታወቅም።

እርግጥ ነገሩ አዲስ አይደለም። ጃንሆይም ልጅ ተፈሪ ሳሉ በሐረር ፈረንሳይኛውን ያስያዟቸው ከካቶሊኩ ጳጳስ ከአባ እንድርያስ ጃሮሶ ዘንድ የነበሩት አባ ሳሙኤል ናቸው። ትንሽ ክፍል፣ ጥቂት ተማሪ፣ አንድ መምህር። አባ ሳሙኤል ለአባትየው ለራስ መኮንን «በጥብቅ እናሳስባለን» ብለው ስለመጻፋቸው ግን የትም አላነበብኩም።

ሳምንታዊ ዜናም ቢሆን ከነሱ ቤት የቆየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 በዚያው በሐረር፣ በካቶሊኮቹ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ውስጥ በነበረች ማተሚያ፣ አባ ማሪ በርናር የሚባሉ ካፑቺን በፈረንሳይኛ ጋዜጣ ጀመሩ። ስሙ በኛ ቋንቋ «የኢትዮጵያ ሳምንት» ማለት ነው። ኋላ ትንሽ ለወጥ አድርገው «የኢትዮጵያ ዘሪ» አሉት፤ በፈረንሳይኛው ሁለቱ ቃላት ቀራቢዎች ናቸው፤ እንደ አራሚ ሳየው በጣም የሚያምር እርማት ነው። በአማርኛ «አእምሮ» የተባለው ጋዜጣ ካቫዲያስ በሚባል ሰው አዘጋጅነት በእጅ እየተጻፈ ለጥቂት ሰው ሲታደል፣ ስሙን ያወጡለት አጤ ምኒልክ ናቸው ይባላል። «አዲስ ዘመን» እንኳ ግንቦት 30 ቀን 1933 ሲወጣ ሳምንታዊ ነበር። ይህን ሁሉ የማነሣው ለምን መሰላችሁ? ሰው አንድ ሳምንት ሙሉ አስቦ፣ ፊደል በፊደል ለቅሞ፣ ለሳምንት የሚበቃ ቁም ነገር ያትም እንደነበር እንድታውቁ ነው። የኛው ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ግን በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ዜና ሲያነብ ከአጥር ውጭ ሆኜ አዳምጣለሁ። ከስድስት ዜና አራቱ አርሴናል ነው።

አሁን ወደ ወንጀሌ ልምጣ።

ያን የከለር ዴዩን ማሳሰቢያ ሰኞ ማታ ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ ተለጥፎ ሳገኘው እጄ አልታዘዝ አለኝ። መሳቢያ ውስጥ ጡረታ ስወጣ ይዣት የመጣሁ አንዲት ቀይ እስክሪብቶ አለች። አወጣኋት። «ዉድ»ን ሰረዝኩ፣ «ውድ»። «ለብሰዉ»ን፣ «ለብሰው»። «ልጆቻቹ»ን፣ «ልጆቻችሁ»። «ያልፈፀማቹ»ን፣ «ያልፈጸማችሁ»። «ሀሙስ»ን ሁለት ቦታ ላይ ቆርጬ፣ በዚያ በለመደው እጄ፣ ጭራውን አሳምሬ «ሐሙስ» አልኩት። ከአንዱ «በጥብቅ» ላይ ደግሞ ጥብቀቱን አነሣሁ። «የወላጅ ፊርማ» በሚለው ላይ «ታርሟል» ብዬ ፈረምኩ። ከጎኑም 3/10። እውነቱን ልናገር፣ ከስንት ዓመት ወዲህ እንደዚያ ሌሊት ደኅና እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

በማግስቱ መልስ መጣ። «ዉድ ወላጅ፣ ነገ ጠዋት ቢሮ እንዲመጡ በጥብቅ እናሳስባለን። ሲስተር።»

ከስልሳ ምናምን ዓመት በኋላ ትምህርት ቤት ተጠራሁ! ሆዴ ያው ያኔ እንደሚለው ቡጭቡጭ አለ። አጎት ልከራይ ብዬ ሁሉ አሰብኩ፤ በዚህ ዕድሜ አጎት የሚሆነኝ ሰው ከየት ይመጣል? ልጅቱ ጠዋት እጄን ይዛ «አይዞህ፣ አባዬ፤ ሲስተር አትማታም» አለችኝ።

ሲስተር ትንሽ፣ ደቃቃ፣ ግራጫ ሻሽ ያሰሩ ሴት ናቸው። ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፤ ሻይ አስቀዱልኝ። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተገልጦ ቀዩ እንደ ፈንጣጣ ያበራል።

«አባባ፣ እርማቱን አየሁት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጸሐፊያችን ልጅ ናት፣ በስልክ ነው የምትጽፈው፤ እነግራታለሁ። አብዛኛው ልክ ነው።»

«አብዛኛው?»

«ሀሙስን በሐመሩ ሐ አርመውታል።»

«አዎን፣ ሲስተር። ሃሌታው አይሆንም፤ ሐመሩ ነው።»

ፈገግ አሉ። ያን ፈገግታ ዐውቀዋለሁ። ጀማሪ ሪፖርተር ፊቴ ቆሞ ሲከራከር እኔ ራሴ ፈገግ የምለው ፈገግታ ነው።

«ቀኗ ስሟን ያገኘችው አምስተኛ ስለሆነች ነው፣ አይደል?»

«ነው።»

«ፊደል ሲቆጥሩ አምስተኛውን ቤት ምን ብለው ነው የቆጠሩት?»

ልጅ ሆኜ በአለንጋ የተማርኳት ነገር ናት። ሳላስብ ለቀቅኩት፤ «ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ…»

አፌ ላይ ደረቀ።

«በየትኛው ሀ?» አሉ ሲስተር፣ ሻዩን እያማሰሉ።

«በብዙኃኑ» አልኩ። ለራሴም በደንብ አልተሰማኝ።

«ኀሙስ» አሉ። «ሥሯ ያ ነው።»

እኔ እኮ የመጣሁት ከተጣላን በላቲን ይጣሉኛል ብዬ ነበር! ካቶሊክ ግዕዝ የት ያውቃል ብዬ። ለካ ሴትዮዋ ከአዲግራት ወዲያ ያደጉ ናቸው፤ እዚያ የካቶሊኩ ቅዳሴ ራሱ በግዕዝ ነው፤ ዳዊት ደግመው ያደጉ ናቸው። «ጋዜጣ ሁሉ በሐመሩ ነው የሚጽፈው» ብዬ ተንተባተብኩ። «አዎን፣ የተለመደ ነው» አሉ። ይህች «የተለመደ ነው» የምትባል ቃል ስንቱን ወጣት ጸሐፊ ያሸማቀቅኩባት ቃል ናት። «ስሕተት በመለመዱ ጡረታ አይወጣም» እል ነበር። ዞራ መጥታ ራሴን ወጋችኝ።

ሊያጽናኑኝ ብለው ይመስለኛል፣ ወሬውን ወደ ሮም ወሰዱት። የግዕዝ ፊደል በማተሚያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው እዚያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1513፣ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ከኛ መነኮሳት ተምሮ ዳዊትን ያሳተመ ጊዜ። ይህን ዐውቃለሁ፤ የሙያዬ ዘር ማንዘር ነው። ከዚያ በኋላ በዚያው ከተማ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1548 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ ማሳተም ጀመሩ። አታሚዎቹ ግዕዝ ማንበብ አያውቁም፤ መነኮሳቱ ደግሞ ማተም አያውቁም። አባ ተስፋ ጽዮን መጽሐፉ ላይ ይህንኑ ለአንባቢ ገልጸው፣ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ተረዳድተን ነው የሠራነውና ስሕተቱን ይቅር በሉን ብለው ጽፈዋል።

«የመጀመሪያው እርማት ይቅርታ ነበር» አሉ ሲስተር።

መልካም ሴት ናቸው፤ ግን ይህንኑ ሻዩ ከመቀዳቱ በፊት ቢሉኝ ኖሮ ሻዩ አንጀቴ ላይ ባልቀረ ነበር።

ልነሣ ስል «አንድ ነገር ብቻ» አሉኝ። «በቀይ አይጻፉ። ቀይ የመምህር ነው፤ ወላጅ በሰማያዊ ነው የሚፈርመው። ልጆቹ ግራ ይገባቸዋል።» እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ደግሞ፣ ሰላም ሊሉኝ መስሎኝ እጄን ስዘረጋ፣ እስክሪብቶዋን ነው ለካ። መሳቢያቸውን ሳቡ። ውስጡ ብይ፣ ላስቲክ፣ ፊሽካ፣ አንድ የተቀማ ስልክ፣ ሁለት የአርሴናል ካርድ። የ31 ዓመት ባልደረባዬን ከብዩ አጠገብ አስቀምጠው ዘጉባት።

«ሰኔ ላይ ካርድ ስንሰጥ ይወስዷታል» አሉኝ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ወረቀት አውጥቼ ማስላት ጀመርኩ። በዓመት 52 ሐሙስ፤ በ31 ዓመት ሲባዛ 1,612። ስንት ሪፖርተር «ሀሙስ» ብሎ ጽፎ አምጥቶ፣ ስንቱን ሰድቤ በሐመሩ አስገብቻለሁ? የዓመት ፈቃዴ ላይ የነበርኩባቸውን ልቀንስ ብዬ ጀመርኩ፤ ግን ፈቃድ ላይ ሆኜም በስልክ አርም ነበር። ጳጉሜን ላይ የዋሉትንስ? በአንድ ዕትም ሁለት ሦስት ጊዜ የተጻፈውንስ? ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ እኮ በትክክለኛነቴ ነበር!

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ልጅቱ ውኃ ልትጠጣ ተነሥታ ጠረጴዛው ላይ አገኘችኝ።

«አባዬ፣ ደግሞ ምን ጠፋብህ?»

«ሐሙስ።»

«የቱ ሐሙስ?»

«ሁሉም።»

አጠገቤ ተቀመጠች። ለሦስተኛ ክፍል ልጅ በሌሊት የሚነገር ነገር አይደለም፤ ግን ነገርኳት። ሃሌታው ይኼ ነው፣ ሐመሩ ይኼ ነው፣ ብዙኃኑ ይኼ ነው ብዬ ወረቀቱ ላይ ጻፍኩላት። ሁሉም የሚጠሩት አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ለምን ሦስት ሆኑ አለችኝ። በድሮ ጊዜ ድምፃቸው ይለያይ ነበር፤ ጉሮሯችን ሰነፈ አልኳት። ሦስቱንም በጉሮሮዋ እየሞከረች፣ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ጉሮሮዋን እየጠረገች ተኛች። የቀረውን ውኃ ባቄላዋን አጠጣሁላት።

ዓርብ ልመልሳት ስሄድ ጥጌን ይዤ፣ ማንንም ላለማየት ኮፍያዬን ወደ ዐይኔ አውርጄ ነበር። በሩ ላይ ያለው መስኮት የሦስተኛ ክፍሎችን ግድግዳ ያሳያል። አዲስ ዜና ተለጥፏል፤ አምስት ከአምስት። ጽሑፏን ከሩቅ ዐውቀዋለሁ፤ ዳገት ትወጣለች። «ዜና። አያቴ ሀሙስ፣ ሐሙስ፣ ኀሙስ ጠፋባቸው። ቤታችን ውስጥ። ማታ።» በሦስቱም ጽፋዋለች፤ ደኅና ጋዜጠኛ ምንጭ ያበዛል ብላ ይሆናል። «ጠፋባቸው» ብላለች ግን። «ባቸው»ን ሁለት ጊዜ አነበብኳት።

ጥበቃው በሩን ይዞ ቆሟል። እናቶቹም፣ ሞግዚቶቹም፣ የሰርቪስ ረዳቶቹም አሉ።

«አባባ፣ ሐሙስ ተገኘ?»

ጥርሴን ነክሼ አለፍኩ። ጥርሱ እንኳ አለ።